ከዳታቤዝ ወደ ስታታ ስናመጣ ስማቸው አንድ የሚሆን ተለዋዋጮችን የት ላይ እንለያቸው?

ጠያቂ፣ ከቱሉ ዲምቱ

ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ አካባቢ በሚገኙ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖሩ ነፍሰ ጡር እናቶችን የጤና ክትትል በሚያጠና አነስተኛ ቡድን ውስጥ የመረጃ ሥራውን የያዝኩት እኔ ነኝ። መረጃው በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ውስጥ በሦስት ሰንጠረዦች ተቀምጧል። አንደኛው ቤተሰቦችን፣ ሁለተኛው እናቶችን፣ ሦስተኛው ደግሞ እያንዳንዱን የጤና ጣቢያ ጉብኝት ይይዛል። ትንተናውን የምንሠራው ስታታ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ሲሆን፣ እሱንና ዳታቤዙን የምናገናኘው ኦዲቢሲ በሚባለው የዳታቤዝ ማገናኛ ነው።

ሰንጠረዦቹ የተሠሩት በተለያየ ጊዜና በተለያዩ ሰዎች በመሆኑ በሦስቱም ውስጥ «መለያ»፣ «ቀን» እና «ማስታወሻ» የሚባሉ ዓምዶች አሉ። ከዚህም በላይ «ወረዳ» የሚባለው ዓምድ በቤተሰብ ሰንጠረዥ ውስጥ እናቲቱ የምትኖርበትን ወረዳ፣ በጉብኝት ሰንጠረዥ ውስጥ ደግሞ የጤና ጣቢያውን ወረዳ ያመለክታል። እኛ የምንሠራበት ቦታ አዲስ አበባና ሸገር ከተማ የሚዋሰኑበት ስለሆነ በአንዱ ወገን እየኖረች በሌላው ወገን የምትከታተል እናት ብርቅ አይደለችም። የጥናታችንም ዋና ጥያቄ ይኸው በመሆኑ ሁለቱ ወረዳዎች ሊምታቱ አይገባም።

ሦስቱን ሰንጠረዦች ለየብቻ ወደ ስታታ አምጥተን በመርጅ ትእዛዝ ስናጣምራቸው በመጨረሻው ፋይል ላይ የሚቀረው አንድ «ወረዳ» ብቻ ነው። በእሱ የሠራነው የወረዳ ቆጠራም ከዳታቤዙ በቀጥታ ከሚወጣው ቆጠራ ጋር አይስማማም። ሰንጠረዦቹን እዚያው ዳታቤዙ ውስጥ አጣምረን፣ ሁሉንም ዓምድ በሚያመጣው የኮከብ ምልክት ስንጠይቅ ደግሞ ስማቸው አንድ የሆኑ ዓምዶች ተደራርበው ስለሚመጡ የትኛው የየትኛው ሰንጠረዥ እንደሆነ ከስሙ መለየት አይቻልም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የዳታቤዙን ዓምዶች ስም ከነጭራሹ እንድንቀይር ሐሳብ አቅርቧል፤ ነገር ግን መረጃ የሚገባባቸው ቅጾች በነዚሁ ስሞች ላይ የተሠሩ ስለሆኑ መሰበራቸውን እፈራለሁ። ስሞቹን መለየት ያለብን በዳታቤዙ ውስጥ ነው፣ በኩዌሪው (መረጃውን ከዳታቤዙ በምንጠይቅበት ትእዛዝ) ላይ ነው ወይስ ስታታ ከገቡ በኋላ? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።


መላሽ፣ ከለገጣፎ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን በዝርዝር ስላቀረቡት አመሰግናለሁ። ባጭሩ ለመመለስ፣ ስሞቹ መለየት ያለባቸው ውሂቡ ከዳታቤዙ ከመውጣቱ በፊት፣ በኩዌሪው ላይ ነው። ምክንያቱን ግን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ፤ ምክንያቱ ካልተያዘ መፍትሔው በሚቀጥለው ሰንጠረዥ ላይ ይረሳልና።

በዳታቤዝ ውስጥ የአንድ ዓምድ ሙሉ ስም የሰንጠረዡን ስም ይጨምራል። ስለዚህ የቤተሰብ «ወረዳ» እና የጉብኝት «ወረዳ» በዳታቤዙ ዘንድ ፈጽሞ አይጋጩም። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አበበዎች ሲኖሩ መምህሩ በአባታቸው ስም እንደሚለያቸው ሁሉ፣ ሰንጠረዡ ለዓምዱ እንደ አባት ስም ያገለግለዋል። ኩዌሪ ሲመለስ ግን ውጤቱ አንድ ወጥ ሰንጠረዥ ስለሚሆን ያ የአባት ስም ይቀራል። ኤስኪውኤል፣ ማለትም ኩዌሪ የሚጻፍበት ቋንቋ፣ አንድ የኩዌሪ ውጤት ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ዓምዶች እንዲኖሩት ይፈቅዳል፤ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች የመረጃ ፋይል ግን በአብዛኛው አይፈቅድም። በመካከል አንድ ሰው ስም ማውጣት አለበት፤ እርስዎ ካላወጡ ሶፍትዌሩ በራሱ ደንብ ይወስናል፣ ያ ደንብም ከሶፍትዌር ሶፍትዌር ይለያያል። የኤስፒኤስኤስ የዳታቤዝ ማስገቢያ ተደጋጋሚ ስም ሲያገኝ አዲስ ስም ፈጥሮ የቀድሞውን የዓምድ ስም በመግለጫው ላይ ያኖረዋል። ሳስ በፕሮክ ኤስኪውኤል አዲስ ሰንጠረዥ ሲፈጥር የመጀመሪያውን ብቻ ያስቀርና ተለዋዋጩ (ዓምዱ) ቀድሞ መኖሩን በሎጉ፣ ማለትም በሥራው መዝገብ፣ ላይ በማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ሎጉን የማያነብ ሰው ሁለተኛው ዓምድ መጥፋቱን አያውቅም። አር ደግሞ በመርጅ ትእዛዙ ከስሞቹ መጨረሻ ላይ ነጥብ ኤክስ እና ነጥብ ዋይ ይጨምራል። ይህ ከመጥፋት ይሻላል፤ ሆኖም ከወራት በኋላ ኤክስ የትኛው ሰንጠረዥ እንደነበር የሚያስታውስ የለም።

አሁን ወደ እርስዎ ችግር ልመለስ። በስታታ መርጅ ሕግ መሠረት መጀመሪያ በማኅደረ ትውስታ ላይ ያለው ፋይል ዋና ነው። በሁለቱም ፋይሎች ውስጥ ስሙ አንድ የሆነ ተለዋዋጭ ሲገኝ የዋናው ዋጋ ይጸናል፣ የተጨማሪው ይተዋል። ሰው ልብ የማይለው ቀጣዩ ነገር ነው። በተጨማሪው ፋይል ውስጥ ብቻ የሚገኙ፣ ከዋናው ጋር ያልተጣመሩ ረድፎች ዋጋቸውን የሚወስዱት ከተጨማሪው ነው። ስለዚህ በእጅዎ ያለው «ወረዳ» ለተጣመሩት እናቶች የመኖሪያ ወረዳ፣ ላልተጣመሩት የጉብኝት ረድፎች ደግሞ የጤና ጣቢያው ወረዳ ሊሆን ይችላል። ሁለት የተለያዩ ትርጉሞች በአንድ ዓምድ ውስጥ ተቀላቅለዋል ማለት ነው፤ ቆጠራዎ ከዳታቤዙ ጋር ያልተስማማውም በዚህ ሳይሆን አይቀርም። መርጅ የሚፈጥረውን የማጣመሪያ ተለዋዋጭ በዋጋው ለያይተው ቢያዩት ይታያል።

ከ«ወረዳ» ይልቅ እኔን ያስፈራኝ «መለያ» ነው። በሦስቱም ሰንጠረዦች ውስጥ ከ1 የሚጀምር ተራ ቁጥር ከሆነ፣ በ«መለያ» የሚደረግ ማጣመር ያለ ምንም ስሕተት መልእክት ይሳካል፤ 17ኛውን ቤተሰብ ከ17ኛው ጉብኝት ጋር ያገናኘዋል፣ ሁለቱ ግን ምንም ዝምድና የላቸውም። ቁጥሮቹ ስለሚገጥሙ ውጤቱ የተሳካ ይመስላል። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ከማድረግዎ በፊት ማጣመሩ የተሠራው በየትኛው «መለያ» እንደሆነ ያረጋግጡ።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ዓምድ በኩዌሪው ላይ ተለዋጭ ስም መስጠት ነው። የኮከብ ምልክቱን ይተዉት፤ የሚፈልጉትን ዓምድ ብቻ በስሙ ይጥሩ (ቤ፣ እ እና ጉ የሦስቱ ሰንጠረዦች አጭር መጠሪያ ናቸው)፤

ሰሌክት
ቤ.መለያ አስ ቤተሰብ_መለያ፣
ቤ.ወረዳ አስ መኖሪያ_ወረዳ፣
እ.መለያ አስ እናት_መለያ፣
እ.ቀን አስ ልደት_ቀን፣
ጉ.መለያ አስ ጉብኝት_መለያ፣
ጉ.ወረዳ አስ ጤናጣቢያ_ወረዳ፣
ጉ.ቀን አስ ጉብኝት_ቀን
ፍሮም ጉብኝት ጉ
ጆይን እናት እ ኦን ጉ.የእናት_መለያ = እ.መለያ
ጆይን ቤተሰብ ቤ ኦን እ.የቤተሰብ_መለያ = ቤ.መለያ

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ ለ«ወረዳ» የሰጠሁት ስም የሰንጠረዡን ስም አልተከተለም። «ቤተሰብ_ወረዳ» እና «ጉብኝት_ወረዳ» ብል ግጭቱ ይጠፋል፤ ሆኖም ሪፖርቱን የሚያነብ ሰው «የጉብኝት ወረዳ» ሲል ጎብኚዋ የመጣችበትን ይሁን የሄደችበትን አያውቅም። ስሙ ዓምዱ የሚለካውን ነገር ቢናገር ይሻላል። ይህን ኩዌሪ በዳታቤዙ ውስጥ ቪው (እንደ ሰንጠረዥ የሚነበብ የተቀመጠ ኩዌሪ) አድርገው ቢያስቀምጡት የመሠረቱ ሰንጠረዦችና ቅጾቹ ምንም ሳይነኩ፣ ስታታ የሚያየው የተለዩ ስሞችን ብቻ ይሆናል። በተጨማሪም ፖስትግሬስ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ዓምዶች ያሉት ቪው እንዲፈጠር አይፈቅድም፤ ስሕተት ብሎ ይመልሰዋል። ማይኤስኪውኤልም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ቪው መፍጠር በራሱ መፈተሻ ይሆንልዎታል።


መላሽ፣ ከሰበታ

እንደሚመስለኝ ነገሩ ይህን ያህል አይከብድም። በኩዌሪው መጀመሪያ ላይ ዲስቲንክት የሚለውን ቃል ቢጨምሩ የተደገሙት ይወገዳሉ፤ እኛም የሠራተኞች መዝገብ ላይ የምናደርገው እንዲህ ነው።


መላሽ፣ ከለገጣፎ

የሰበታው ወዳጄ፣ ዲስቲንክት የሚያስወግደው ከዳር እስከ ዳር አንድ የሆኑ ረድፎችን ነው፤ ጠያቂው ያነሡት የዓምድ ስም መደገም ነውና ለእሱ አይረዳም። እንዲያውም እዚህ ላይ ባይገባ ይመረጣል። አንዲት እናት በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተመዝግባ ከሆነና የጉብኝቱ መለያ በኩዌሪው ውስጥ ካልተካተተ፣ ሁለቱ እውነተኛ ረድፎች አንድ ይሆናሉ።


መላሽ፣ ከአቃቂ

የለገጣፎው መላሽ ባሉት ዋና ሐሳብ እስማማለሁ፤ ሆኖም ቪው ሁልጊዜ የተሻለው ቦታ ነው በሚለው ላይ ጥቂት ነገሮችን መጨመር እወዳለሁ።

አንደኛው የፈቃድ ጉዳይ ነው። በብዙ ቡድኖች ውስጥ ተንታኙ የተሰጠው የዳታቤዝ መግቢያ የማንበብ ፈቃድ ብቻ ስላለው ቪው መፍጠር አይችልም። እንዲህ ከሆነ ኩዌሪውን በዱ ፋይሉ (የስታታ ትእዛዞች በሚጻፉበት ፋይል) ውስጥ አስቀምጦ በስታታ የኦዲቢሲ ሎድ ትእዛዝ በኤግዜክ አማራጭ መላክ ይቻላል፤ ተለዋጭ ስሞቹ በዚያም መንገድ ይሠራሉ። ነገር ግን ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ብዙ ከሆኑ እያንዳንዱ የየራሱን ስም ያወጣል፣ የአንዱ «ጉብኝት_ቀን» የሌላው «የመጣችበት_ቀን» ይሆናል። የዳታቤዙን ኃላፊ አንድ ጊዜ ጠይቆ ቪውን ማስፈጠር የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው፣ ቪው አንዴ ከተፈጠረ በኋላ እንደ ልብ አይለወጥም። በፖስትግሬስ ነባሩን ቪው በአዲስ ሲተኩ ከመጨረሻው ቀጥሎ አዲስ ዓምድ መጨመር ይቻላል፤ የነባሩን ዓምድ ስም ወይም ቅደም ተከተል በዚያው ትእዛዝ መቀየር ግን አይቻልም። ስለዚህ በስሞቹ ላይ ቡድኑ ተነጋግሮ ሳይስማማ ቪው እንዲሠራ አይቸኩሉ። ቪውን በኮከብ ምልክት መሥራትም መፍትሔ አይሆንም፤ ኮከቡ የሚተረጎመው ቪው በተፈጠረበት ቅጽበት በነበሩት ዓምዶች ስለሆነ፣ በኋላ በሰንጠረዡ ላይ የተጨመረ ዓምድ በቪው ውስጥ አይታይም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። ናቹራል ጆይን የሚባለውን የማጣመሪያ ዓይነት ማንም እንዳይመክርዎ። ይህ ጆይን ስማቸው አንድ የሆኑ ዓምዶችን ሁሉ እንደ ማጣመሪያ ቁልፍ ይወስዳል። በአር ውስጥ ዲፕላየር የሚባለው ተጨማሪ ጥቅል ማጣመሪያ ትእዛዞችም ቁልፉ በግልጽ ካልተነገራቸው ያንኑ ያደርጋሉ፤ የመረጡትን ቁልፍ በመልእክት ቢያሳውቁም። በእርስዎ መረጃ ላይ ይህ ቢደረግ «ወረዳ» በሁለቱም ወገን ስላለ ቁልፍ ይሆናል፤ በውጤቱም የመኖሪያ ወረዳቸውና የጤና ጣቢያቸው ወረዳ የተለያየ እናቶች በሙሉ ከውጤቱ ይወጣሉ። ድንበር ተሻግረው የሚከታተሉትን እናቶች ለማጥናት የተነሣ ጥናት እነሱኑ አጥቶ ቁጭ ይላል፤ የቀሩት ረድፎች ደግሞ ንጹሕና የተስማሙ ስለሚመስሉ ማንም አይጠረጥርም።

የወረዳ ነገር ከተነሣ፣ በአዲስ አበባ የወረዳ ቁጥር በየክፍለ ከተማው ከ01 ስለሚጀምር «ወረዳ 01» ብቻውን ቦታ አይገልጽም። የክፍለ ከተማው ዓምድም ከጎኑ መምጣት አለበት፣ እሱም በሁለት ትርጉም። ከዚህ በተጨማሪ በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲቋቋም፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ገላንና ለገጣፎ ለገዳዲ በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ የብዙ ሰው አድራሻ በመዝገብ ላይ ተለውጧል። መረጃዎ ከዚያ በፊት የተመዘገቡ ቤተሰቦችን የያዘ ከሆነ የቀድሞውና የአሁኑ አስተዳደር በአንድ ስም እንዳይቀመጡ ከወዲሁ ያስቡበት።


ጠያቂ፣ ከቱሉ ዲምቱ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመርጁን ውጤት በተነገረኝ መሠረት ለያይቼ ስመለከት በጉብኝት ፋይል ብቻ የነበሩት ረድፎች በእርግጥ የጤና ጣቢያውን ወረዳ ይዘው ተገኝተዋል። ማጣመሩ የተሠራው ግን በትክክለኛው የእናት መለያ ነው። የዳታቤዙ ኃላፊም ቪው ለመፍጠር ፈቃደኛ ናቸው።

አሁን ስሞቹን በመወሰን ላይ ስለሆንን አንድ ነገር ልጨምር። ዓምዶቹን በግዕዝ ፊደል መሰየማችንን መቀጠል እንፈልጋለን፤ መረጃ ሰብሳቢዎቻችን የሚያነቧቸው እንዲያ ሲሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ስሞቹ ገላጭ ይሁኑ ስንል ይረዝማሉ። በርዝመት ምክንያት ተቆርጠው እንደገና አንድ ዓይነት እንዳይሆኑ የምንጠነቀቀው እንዴት ነው?


መላሽ፣ ከሱሉልታ

ይህ ጥያቄ በፊደላችን ለሚጽፉ ሁሉ የሚጠቅም ስለሆነ በቁጥር ልመልስ።

ፖስትግሬስ ለአንድ ስም የሚፈቅደው 63 ባይት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ 3 ባይት ስለሚይዝ፣ በላቲን 63 ፊደል የሚችል ስም በእኛ ፊደል ከ21 አያልፍም፤ ከሥር የሚሰመረው ሰረዝ 1 ባይት ብቻ ነው። ከዚህ ያለፈውን ፖስትግሬስ ማሳሰቢያ ሰጥቶ ይቆርጠዋል። ስታታ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ማለትም ከ14ኛው እትም ወዲህ፣ ዩኒኮድን ስለሚደግፍ የሚቆጥረው ባይት ሳይሆን ፊደል ነው፤ እስከ 32 ፊደል ይቀበላል። በኤስፒኤስኤስ ወሰኑ 64 ባይት፣ በሳስ ደግሞ 32 ባይት ነው። በሳስ ለ10 የግዕዝ ፊደል ብቻ ይበቃል ማለት ነው፤ የሳስ መደበኛ ደንብም የላቲን ፊደል ያልሆነን ስም ስለማይቀበል ተጨማሪ ማስተካከያ ይጠይቃል።

«የመጀመሪያ_እርግዝና_ክትትል_የተደረገበት_ቀን» እና «የመጀመሪያ_እርግዝና_ክትትል_የተደረገበት_ወረዳ» የሚሉ ሁለት ተለዋጭ ስሞች ሰጡ እንበል። ሁለቱም ከ32 ፊደል በታች ስለሆኑ ስታታ ምንም አይላቸውም ነበር። ወደ ስታታ ከመድረሳቸው በፊት ግን ፖስትግሬስ ሁለቱንም «የመጀመሪያ_እርግዝና_ክትትል_የተደረገ» ላይ ይቆርጣቸዋል፤ እዚያ ላይ 63ቱ ባይት ያልቃልና። የተለያዩት በመጨረሻው ቃል ብቻ ስለነበር አሁን አንድ ስም ሆኑ። ስለዚህ የሚለየውን ቃል ወደ ፊት ያምጡት፤ «ቀን_ክትትል1» እና «ወረዳ_ክትትል1» የሚሉት ቢቆረጡ እንኳ አይምታቱም። ሙሉውን ማብራሪያ በስታታ የተለዋዋጭ መግለጫ ላይ ይጻፉት፤ እዚያ 80 ፊደል ይፈቀዳል።

የመረጃ መሰብሰቢያችሁ ኮቦ ወይም ኦዲኬ ከሆነ ሌላም መዘዝ አለ። እነዚህ መሣሪያዎች የጥያቄውን ስም ከነምድቡ ስም አያይዘው ስለሚያወጡ ስሙ ይረዝማል። የምድቡ ስም እንዲቀር ሲደረግ ደግሞ በሁለት ምድብ ውስጥ አንድ ስም የተሰጣቸው ጥያቄዎች ይጋጫሉ። ቅጹ ሲሠራ ለእያንዳንዱ ጥያቄ በቅጹ ሁሉ የማይደገም አጭር ስም ቢሰጥ በኋላ የሚመጣው ድካም ይቀራል።

ከርዝመቱ በላይ ግን ጥንቃቄ የሚያሻው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። «ዓመት» እና «አመት»፣ «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ፀጥታ» እና «ጸጥታ» በኮምፒዩተር ዘንድ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ዳታቤዙም ሆነ ስታታ እንደ ተደጋጋሚ አያያቸውም፤ በአንድ ፋይል ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ አንዱ ተንታኝ በአንዱ ሌላው በሌላው ይሠራል። ይህንን ሊይዝ የሚችል የሶፍትዌር ማስጠንቀቂያ የለም። ቡድኑ አንድ አጻጻፍ መርጦ በስሞች ዝርዝር ላይ ማስፈር አለበት። የላቲን ስም የሚጠቀሙ ቡድኖች ተመሳሳይ ፈተና የሚገጥማቸው በትልቅና በትንሽ ፊደል ነው፤ ስታታና አር ሁለቱን ሲለዩ ኤስፒኤስኤስና ሳስ አይለዩም፣ እኛ ከዚህ ነጻ ነን።

«ቀን» የሚለውንም ስም እንዲሁ አይተዉት። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን በጎርጎርዮስ በስሙ ላይ ይታይ፤ «ጉብኝት_ቀን_ኢት» እና «ጉብኝት_ቀን_ጎር» ማለት ይበቃል። የዳታቤዙ የቀን ዓይነት ጎርጎርዮሳዊ ስለሆነ ጳጉሜንን እንደ 13ኛ ወር፣ ጥቅምት 30ንም እንደ 2ኛ ወር 30ኛ ቀን አይቀበልም፤ የሌሎቹን ወራት ቀኖች ግን ሳይጠይቅ ተቀብሎ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ያስቀምጣቸዋል። የኢትዮጵያውን ቀን በጽሑፍ ወይም በሦስት ዓምድ ማስቀመጡ የሚሻለው ለዚህ ነው።

የኦዲቢሲ ድራይቨሩ ደግሞ የዩኒኮዱ መሆኑን ያረጋግጡ። የፖስትግሬስ ድራይቨር ሲጫን ዩኒኮድና አንሲ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች ይመጣሉ፤ በአንሲው ከተገናኙ የግዕዝ ፊደላት በጥያቄ ምልክት ሊተኩ ይችላሉ። ያን ጊዜ ባለ አራት ፊደል ስሞች በሙሉ አራት የጥያቄ ምልክት ይሆኑና እንደገና አንድ ይሆናሉ።


መላሽ፣ ከአቃቂ

ቪውን ከመሥራታችሁ በፊት የሚጋጩትን ስሞች በዓይን ከመፈለግ ዳታቤዙን ራሱን መጠየቅ ይቻላል። በኢንፎርሜሽን ስኪማ ውስጥ ኮለምንስ የሚባለው ቪው የሰንጠረዦቹን ዓምዶች በሙሉ ይዘረዝራል። የእናንተን ስኪማ (የሰንጠረዦቻችሁን ስብስብ) ብቻ መርጣችሁ በዓምድ ስም መድቡና ቁጥራቸው ከ1 በላይ የሆኑትን አስወጡ፤ በተጨማሪም የእያንዳንዱን የውሂብ ዓይነት ከጎኑ አውጡ። ስማቸው አንድ ሆኖ ዓይነታቸው የተለያየ፣ ለምሳሌ አንዱ «ቀን» በጽሑፍ ሌላው በቀን ዓይነት የተቀመጠ ከሆነ፣ ከሌሎቹ አስቀድማችሁ እነሱን ተመልከቱ። ሰንጠረዦቹን ለየብቻ ወደ ስታታ ማምጣት የግድ የሚሆንበት ቀን ከመጣ ደግሞ፣ ከመርጅ በፊት በሪኔም ትእዛዝ ከቁልፉ በስተቀር በሁሉም ተለዋዋጮች መጀመሪያ ላይ የሰንጠረዡን ምልክት መጨመር ይቻላል፤ ከ12ኛው እትም ጀምሮ ይህ በኮከብ ምልክት በአንድ መስመር ይሠራል። ከዚያ በኋላ በሁለቱ ፋይሎች የሚገኝ የጋራ ስም ቁልፉ ብቻ ይሆናል።